ለሚያድግ ልጅ ተለቅ ያለ ባለ ሁለት ሾክ የተራራ ብስክሌት አመራረጥ፦ ለጎንደር ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ልጅዎ ፔዳል ሲመታ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ሊጋጭ ከደረሰ፣ የኮርቻው ዘንግ እስከ መጨረሻው ምልክት ተስቦ ከወጣ፣ ቁልቁለት ሲወርድም ደረቱ መሪውን አልፎ ወደ ፊት የሚያዘነብል ከሆነ ብስክሌቱ አንሶታል። ይህ መመሪያ ባለ 24 ኢንች ብስክሌት ላነሰው፣ ዕድሜው ከ10 እስከ 14 ዓመት ለሚገመትና በጎንደር ዙሪያ ባለው ድንጋያማ መንገድ ለሚነዳ ልጅ ቀጣዩን ብስክሌት ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ባለ ሁለት ሾክ የሚባለው ከፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ፣ ከኋላ ደግሞ በቴላዮው (በብስክሌቱ ዋና አጥንት) መካከል ምትና ንዝረት የሚውጥ ሾክ ያለው ብስክሌት ነው።

የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ «ያድግበታል» እየተባለ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋል፤ እጅጌው ታጥፎ ዓመቱን ይሞላል። በብስክሌት ይህ አሠራር ለአደጋ ይዳርጋል። ሁለት ቁጥር የሚበልጠው ቴላዮ የተሰጠው ልጅ ዳገት ላይ ሲቆም እግሩ መሬት ስለማይደርስ ይወድቃል፤ ክንዱን ወጥሮ መሪውን ስለሚይዝም ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማውን መጫንና መጠምዘዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ዛሬ ልክ የሆነ፣ ከዚያም በላይ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሚያድግበት ቦታ ያለው ብስክሌት ነው። ከዚያ የበለጠ ትርፍ ቦታ መፈለግ ልጁ ዛሬ ሊነዳ የሚገባውን ብስክሌት ማሳጣት ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለተኛው ሾክ ያስፈልግ እንደሆነ መወሰን

ከሁሉ አስቀድሞ ልጁ የሚነዳበትን መንገድ ይመልከቱ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደውን አስፋልትና በየሰፈሩ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ብቻ የሚነዳ ልጅ የኋላ ሾክ አያስፈልገውም። ጥሩ የፊት ሹካና ወፈር ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት ይቀልለታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ የሚበላሽበትም ነገር ያነሰ ነው። በአንጻሩ የጎሃን ኮረብታ ተዳፋት የሚወጣና የሚወርድ፣ ከወለቃ አልፎ ባለው ጠጠርና ድንጋይ ላይ የሚነዳ፣ ወይም ከቤተሰቡ ጋር እስከ ኮሶዬ እየሄደ በደጋው ሻካራ መንገድ የሚውል ልጅ ከሁለተኛው ሾክ በእርግጥ ይጠቀማል፤ የኋላው ጎማ ድንጋይ በመታ ቁጥር አይዘልልም፣ ፍሬን ሲይዝም መሬቱን አይለቅም።

በአገራችን ገበያ በብዛት የሚታዩትና «ባለ ሁለት ሾክ» ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከከባድ ብረት የተሠሩ ሲሆኑ የኋላ ሾካቸው የሞላውን መመለስ በዘይት የሚያዘገይ ክፍል የሌለው ባዶ ሞላ ነው። እንዲህ ያለው ሞላ ለአዋቂ ክብደት የተሰላ ስለሆነ በ35 ኪሎ ግራም ልጅ ሥር ከነአካቴው ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ከተንቀሳቀሰም ልጁን መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። በጀቱ ለእውነተኛው ባለ ሁለት ሾክ የማይበቃ ከሆነ በዚያው ገንዘብ የተሻለውን ባለ አንድ ሾክ መግዛት ይበልጣል። በዚህ ነጥብ ላይ ልጁ መከራከሩ አይቀርም፤ የኋላ ሾክ ለዓይን ያምራልና።

የሚገዛበትም ወቅት ይታሰብበት። በሰኔ የተገዛ ብስክሌት ክረምቱን ቤት ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል፣ ልጁ ግን ማደጉን አያቆምም። ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት የተገዛ ብስክሌት ግን በጋውን ሙሉ ያገለግላል።

ደረጃ 2፦ ልጁን መለካት

ሦስት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፦ ቁመት፣ የውስጥ እግር ርዝመትና ክብደት። ቁመቱን በባዶ እግሩ ግድግዳ አስደግፈው ይለኩ። የውስጥ እግሩን ለመለካት ልጁ እንደዚያው ግድግዳ ተደግፎ እግሮቹን ጥቂት ከፈት አድርጎ ይቁም፤ ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መካከል ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይያዝና ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ወደ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይገፋ፤ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት የሚፈለገው ልኬት ነው። ሁለት ጊዜ ለክቶ ማስተያየት ተገቢ ነው፤ ልጆች እየኮረኮራቸው ስለሚስቁ የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ክብደቱ የሚመዘነው ሲነዳ በሚለብሰው ልብስና ጫማ፣ ሄልሜቱንም ውኃ የያዘ ቦርሳውንም እንደያዘ ነው፤ ሾኩ የሚሸከመው ይህን ሁሉ ነውና።

የውስጥ እግር ርዝመት በ0.883 ሲባዛ ከፔዳሎቹ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት በግምት ይገኛል። ቁመቱ 148፣ የውስጥ እግሩ 69 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 38 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ እንውሰድ፤ ኮርቻው ለጉዞ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በቀሪው መመሪያ ይህንኑ ልጅ በምሳሌነት እንጠቀምበታለን።

የዕድገቱ ፍጥነትም ይመዝገብ። ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በጉርምስናው ከፍተኛ ወቅት ግን ሴት ልጅ በዓመት ወደ 8፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ወደ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል፤ ሴቶቹም በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ለብስክሌት ምርጫ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለው ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚረዝመው እግር ነው፣ ወገብና ደረት የሚከተሉት ዘግይተው ነው። ሱሪው ሲያጥርበት ያዩት ልጅ ኮርቻው ከፍ እንዲልለት ይፈልጋል እንጂ መሪው ገና አልቀረበበትም። የአዋቂ ቁጥር ቴላዮ በእግር ርዝመት ብቻ ተመርጦ ሲገዛ ልጁ መሪው ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ 3፦ የጎማና የቴላዮ ቁጥር መምረጥ

ብዙ ሻጭ የሚናገረው ስለ ጎማ ቁጥር ብቻ ነው። የጎማ ቁጥር መነሻ ነው፤ ወሳኙ የቴላዮው ልክ ነው። በግምት ቁመታቸው ከ140 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ለሆኑ ልጆች 26 ኢንች፣ ከ148 እስከ 163 ለሆኑት ደግሞ እጅግ አነስተኛ ወይም አነስተኛ ቁጥር ቴላዮ ያለው 27.5 ኢንች ይስማማቸዋል። 29 ኢንች ጎማ ከ155 ወይም ከ160 ሴንቲ ሜትር በፊት አይቸኮልበትም፤ ቁልቁለት ላይ ሰውነቱን ወደ ኋላ የሚያሸሽ አጭር ልጅን የኋላው ጎማ መቀመጫው ላይ ሊነካው ይችላል። ቁጥሮቹ እንደሚደራረቡ ልብ ይበሉ፤ ባለ 148 ሴንቲ ሜትሩ ልጅ በሁለት መደቦች ውስጥ ይወድቃል፣ ፍርዱም የሚሰጠው በቴላዮው ነው።

በአምራቾች ሰንጠረዥ ላይ ሪች ተብሎ የሚጻፈው ልኬት ከፔዳሎቹ መዞሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣ መስመር እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው አግድም ርቀት ነው። ልጁ ቆሞ ሲነዳ ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚዘረጋ የሚወስነው ይህ ነው። በባለ 24 ኢንች የልጆች ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 385፣ በእጅግ አነስተኛ የአዋቂ ቴላዮ ከ390 እስከ 410፣ በአነስተኛው ከ410 እስከ 435 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአሁኑን ብስክሌት ሪች ካወቁ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚጨምር ቴላዮ ደኅና እርምጃ ነው፤ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መዝለል ግን አይመከርም።

ለልጆች ተብለው የተነደፉ ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌቶች አሉ፤ ኮሜንሳል ክላሽ፣ ትራንዚሽን ሪፕኮርድና ፕሮፔይን ዩማ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ለዚሁ ክብደት የታሰቡ ስለሆኑ ሾካቸውም የፔዳል ክንዳቸውም ፍሬናቸውም ይስማማል። የአዋቂው አነስተኛ ቁጥር ግን ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፣ መለዋወጫውም የተለመደ ነው። ከሁለቱ ሲመረጥ ልጁ ከ40 ኪሎ ግራም በታች ከሆነ የልጆቹን፣ ከ45 በላይ ከሆነና ቁመቱም ከፈቀደ የአዋቂውን አነስተኛ ቁጥር እመርጥለታለሁ፤ በመካከል ላለው ደግሞ ቀለል የሚለው ይወሰድ።

ክብደት በልጅ ብስክሌት ላይ ከቴክኖሎጂ ሁሉ ይቀድማል። 13 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ለባለ 38 ኪሎ ግራሙ ልጅ የሰውነቱ አንድ ሦስተኛ ነው፤ በዚሁ ስሌት 75 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አባት ከ25 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ብስክሌት መስጠት ይሆናል። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች፣ ዳገቷም በማያልቅ ከተማ ለሚነዳ ልጅ 17 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት አይግዙ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ልጁን ብስክሌቱ ላይ አቁሞ መሞከር

ልጁ ጫማውን አድርጎ፣ ቴላዮውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ነክተው ይቁም። ከአግድሙ ቱቦ በላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን ይህ ክፍተት ስለሚጠብ ከዚህ ያነሰውን ለመቀበል ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ፔዳሎቹን አግድም አድርጎ፣ እርስዎ ብስክሌቱን ይዘውለት፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሆኖ ይቁም። ክርኖቹ ጥቂት ታጥፈው ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። ክርኑ ቀጥ ብሎ ከተቆለፈ ሪቹ በዝቷል። ሻጩ «አንገቱን በአጭር እንቀይርለታለን» ሊል ይችላል፤ መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው የመሪው አንገት ከ50 ወደ 35 ሚሊ ሜትር ቢያጥር መጠነኛ ለውጥ ያመጣል፣ የሁለት ቁጥር ስሕተትን ግን አያርምም።

ኮርቻው እስከ መጨረሻው ሲወርድ ምን ያህል ዝቅ እንደሚልም ይታይ። በመሪው ላይ ባለ ቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ ካለው ልጁ ዳገቱን ቀጥ ባለ እግር ወጥቶ ቁልቁለቱን ኮርቻውን አውርዶ መውረድ ይችላል። ለአዋቂ የተሠሩት ከእነዚህ ዘንጎች አንዳንዶቹ ግን ኮርቻውን ለመጫን የአዋቂ ክብደት ይፈልጋሉ፤ ልጁ ተቀምጦ ራሱ ማውረድ መቻሉን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የፔዳል ክንድ ርዝመት ከቁመቱ አሥር ከመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለምሳሌያችን ልጅ ከ150 እስከ 155 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የአዋቂ ብስክሌት ብዙ ጊዜ 170 ይዞ ይመጣል። ረዥም ክንድ ጉልበቱን ከመጠን በላይ ያጥፈዋል፣ ወደ ታች ሲዞርም ድንጋይ ይመታል፤ 165 ቢሆን ለጊዜው ይቻላል፣ 170 ከሆነ ግን የመቀየሪያውን ዋጋ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ያስገቡት። የመሪው ስፋት ከ760 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለልጅ ይበዛል፤ ይህ ግን አያሳስብም፣ ሁለቱን ጫፎች እኩል አድርጎ በብረት መጋዝ ማሳጠር ይቻላል። መጀመሪያ እጀታዎቹን ወደ ውስጥ ገፍቶ ለጥቂት ቀናት መሞከር፣ ከዚያ መቁረጥ ይሻላል፤ የተቆረጠ አይቀጠልም።

ደረጃ 5፦ ሾኩ በልጁ ክብደት እንደሚሠራ ማረጋገጥ

ይህ ክፍል የምርጫው ልብ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠው። ሾክ የሚጠቅመው ከተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። በልጁ ክብደት የማይወርድ የኋላ ሾክ ተጨማሪ ሸክም ከመሆን አያልፍም።

ሾክ በአየር ወይም በሞላ ይሠራል። ለልጅ አየሩ ይመረጣል፤ ልጁ ኪሎ ሲጨምር ግፊቱን በመጨመር ብቻ ይስተካከላል። ሞላ ያለው ሾክ ግን ልጁ በከበደ ቁጥር ሌላ ሞላ ይፈልጋል፣ ለ38 ኪሎ ግራም የሚሆን ለስላሳ ሞላ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ሻጩ ለስላሳውን ሞላ አብሮ ካላቀረበ ብስክሌቱን ይተዉት።

ልጁ ብስክሌቱ ላይ ሲቆም ሾኩ በክብደቱ ብቻ የሚወርድበትን መጠን የክብደት ዝቅታ እንበለው። ከኋላ ከሾኩ እንቅስቃሴ ከ25 እስከ 30 ከመቶ፣ ከፊት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ሊሆን ይገባል። የኋላው ሾክ ዘንግ 45 ሚሊ ሜትር የሚገባ ከሆነ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ሹካው 120 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ከ18 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የኋላው ስሌት በሾኩ ዘንግ ላይ እንጂ የኋላው ጎማ በሚወርድበት ርቀት ላይ እንዳይደረግ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

አለካኩ እንዲህ ነው። የሾኩ መቆለፊያ ካለ ይከፈት። አንድ ሰው መሪውን ከፊት ይያዝ፤ ልጁ ሙሉ ትጥቁን ለብሶ ፔዳሎቹ ላይ ይቁም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ ብሎ ይንጠር፣ ከዚያ ጸጥ ብሎ ይቁም። በሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን የላስቲክ ቀለበት ዘንጉ ወደሚገባበት የሾኩ አፍ ያስጠጉት፣ ልጁም ሳይነጥር ቀስ ብሎ ይውረድ። ቀለበቱ ከሾኩ አፍ የራቀበት ርቀት የክብደት ዝቅታው ነው። ዝቅታው ካነሰ አየር ይቀነስ፣ ከበዛ ይጨመር። አምራቹ የፈቀደው ዝቅተኛ ግፊት ላይ ተደርሶም ዝቅታው 15 ከመቶ ካልሞላ ያ ሾክ ለዚህ ልጅ አልተሠራም።

ግፊቱ የሚሞላው በሾክ ፖምፓ (ለሾክ በተሠራ የእጅ ፖምፓ) ብቻ ነው። አየር የሚሞላበት የሾክ አፍ ከመኪና ጎማ አፍ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ በጎሚስታ ቤት ያለው መሙያ ይገጥምለታል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። የሾኩ የአየር ክፍል እጅግ ትንሽ ስለሆነ መጭመቂያው በቅጽበት ግፊቱን ከቁጥጥር ውጭ ያደርገዋል፣ መቆጣጠርም አይቻልም። ጎሚስታው ቅን ሰው ቢሆንም ይህን ሥራ አይስጡት። የሾክ ፖምፓ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከሌለ የአየር ሾክ መግዛት ትርጉም የለውም።

ብስክሌቱ ከባሕር ወለል አጠገብ ካለ አገር ተስተካክሎ ከመጣ ልኬቱ ጎንደር ላይ እንደገና ይሠራ። እዚህ የከባቢው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በ3 ፒ.ኤስ.አይ. (በፖምፓ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) ገደማ ስለሚያንስ የታሸገው አየር በዚያው ልክ ጠንክሮ ይገኛል። ለአዋቂ ይህ አይሰማም፤ 45 ፒ.ኤስ.አይ. በሚበቃው የልጅ ሹካ ላይና 20 በሚሞላ ጎማ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ቀጥሎ የመመለስ ፍጥነቱ ይስተካከል። ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ያለው ትንሽ ማዞሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። የልጁ ሾክ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ማዞሪያው ወደ ፈጣኑ ጫፍ መጠጋት አለበት፤ ለአባቱ የተስተካከለው ፍጥነት በልጁ ሥር እጅግ ዝግ ይላል፣ ተከታታይ ድንጋይ ላይም ሾኩ ሳይመለስ ሌላ ምት ይደርስበታል። ልጁ በተቀመጠበት ከአንድ የኮብልስቶን ጠርዝ ይውረድ፤ ኮርቻው አንድ ጊዜ ወርዶ ተመልሶ ከቆመ ልክ ነው፣ ደጋግሞ ከነጠረ ጥቂት ይዘግይ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ከጉዞ በኋላ ይገኛል። ልጁ የለመደውን ድንጋያማ ቁልቁለት ወርዶ ሲመለስ ቀለበቱ ወደ እንቅስቃሴው መጨረሻ ተጠግቶ መገኘት አለበት። ሁልጊዜ ግማሽ ላይ የሚቀር ከሆነ ልጁ ከተከፈለበት ሾክ ግማሹን አልተጠቀመበትም፤ በአየር ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡ የፕላስቲክ መሙያዎች ካሉ ይውጡለት። በእያንዳንዱ ጉዞ መጨረሻው ላይ የሚደበድብ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ አንሷል።

ደረጃ 6፦ ጎንደር ላይ ሊጠገን የሚችለውን መምረጥ

ፍሬኑን ሲመለከቱ ልጁ በአንድ ጣት፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ጎማውን ሙሉ በሙሉ ማቆም መቻሉን ይፈትኑ፤ እጀታው ለትንሽ እጅ የሚቀርብበት ብሎን ሊኖረውም ይገባል። የዘይት ዲስክ ፍሬን ለልጅ እጅ ከሽቦው እጅግ የቀለለ ስለሆነ ይመረጣል። ዘይቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች ማዕድናዊ ዘይት ይጠቀማል፤ «ስራም» ከተባለው አምራች ሞዴሎች ብዙዎቹ ደግሞ ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ይሠራሉ። ዶት 4 በመኪና መለዋወጫ መደብር የሚገኝ ስለሆነ እዚህ ምቹ ነው፤ ማዕድናዊው ግን ከብስክሌቱ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። የመኪና ፍሬን ዘይት በማዕድናዊው ውስጥ ቢጨመር ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ለሚጠግነው ባለሙያ ይህ በግልጽ ይነገረው።

ከእንግሊዝ የመጣ ብስክሌት የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ፣ ከአሜሪካና ከአብዛኛው አውሮፓ የመጣ ደግሞ በግራ እጅ ነው። ልጁ ከለመደው ጋር እንዲመሳሰል ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ይቀየርለት።

ስለ ማርሽ ብዙ አልልም። ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብቻ ያለው አሠራር ለልጅ ይቀላል። የጥርሶቹ ቁጥር ከፊት 30፣ ከኋላ ትልቁ 46 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዳገቱን ይወጣዋል፤ ከፊት 34፣ ከኋላ 36 ከሆነ ወደ ጎሃ ሲወጣ ወርዶ ይገፋል።

የጎማው አፍ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የጎሚስታ መሙያ አይገጥምለትም፤ ከናስ የተሠራች ትንሽ መቀየሪያ ገዝቶ ቁልፍ መያዣ ላይ ማንጠልጠል ችግሩን ይፈታል። ከመነዳሪ በቀላሉ የሚገኘው ለ26 ኢንች ነው፤ ለ27.5 ከጠፋ የ26ቱ ተለጥጦ ለጊዜው ያገለግላል። እሾህ በሚበዛበት በበጋ በጎማው ውስጥ የሚጨመረው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ብዙ ጉዞ ያድናል።

ከሁሉ በላይ የማይዘነጋው የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ማንጠልጠያ ነው። ብስክሌቱ ሲወድቅ ቴላዮው እንዳይጎዳ ቀድሞ እንዲታጠፍ ወይም እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ቅርጹ በየቴላዮው ይለያያል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁለት ትርፍ ማንጠልጠያ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራና አንድ የሰንሰለት ማያያዣ ሳይያዝ ብስክሌቱ ከሻጩ እጅ አይውጣ።

ደረጃ 7፦ ያገለገለውን መመርመር፣ ከውጭ የሚመጣውን ማሸግ

ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ መጀመሪያ ታጥቦ ይቅረብ፤ ጭቃ ስንጥቅን ይሸፍናል። የብየዳውን መስመሮች፣ በተለይ በመሪው ቱቦ ሥርና በሾኩ ማሰሪያዎች ዙሪያ ያሉትን፣ በእጅ መብራት ይመልከቱ። በቀለሙ ላይ ፀጉር የሚያክል መስመር ከታየ በጥፍር ይፈተሽ፤ ጥፍር ከያዘ ግዢው ይቅር። ከዚያ ኮርቻውን ይዘው የኋላውን ጎማ በትንሹ ከመሬት ያንሡት፤ ጎማው ከመነሣቱ በፊት «ቋ» የሚል ክፍተት ከተሰማ የመገጣጠሚያዎቹ ኩሽኔታዎች ወይም የሾኩ ቡሾች አልቀዋል። መጠገን ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከሒሳቡ ይቀነስ። የሾኩና የሹካው የሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ዘይቱን ማፍሰሱ አይቀርም።

ውጭ ያለ አጎት ወይም አክስት ይዞ የሚመጣ ከሆነ የአየር መንገዱ የሻንጣ ክብደትና መጠን ደንብ ከግዢው በፊት ይጠየቅ፤ የዓለም አቀፉና የአገር ውስጡ በረራ ደንብ ላይመሳሰል ይችላል። ሲታሸግ ፔዳሎቹ ይፈቱ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ በመዞር ነው። ጎማዎቹ ከወጡ በፍሬኑ ሸራዎች መካከል ቁራጭ ፕላስቲክ ይግባ፤ ያለ እርሱ እጀታው ከተጨመቀ ሸራዎቹ ይገጥማሉ። የሹካው ሁለት ጫፎች እንዳይጣመሙም በመካከላቸው ደጋፊ ይደረግ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልጁ በመጀመሪያው ቀን ወደ ፒያሳ ባጃጆች መካከል አይግባ። ሰፊና ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ማቆም፣ መዞርና ኮርቻውን ማውረድ ይለማመድ፤ ከዚያ መጠነኛ ቁልቁለት ይከተል። የድሮው ሄልሜት ከጠበበው አዲስ ይገዛ፤ የራሱን ዙሪያ ከቅንድቡ ከፍ ብሎ በሜትር መለካት ይበቃል።

ለ38 ኪሎ ግራሙ ልጅ ከመነዳሪ ባለው ወፍራም ጎማ ከ20 እስከ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃዋል። ጎሚስታ ቤት በልማድ የሚሞላው 40 ጎማውን ኳስ ያደርገዋል፣ በሾኩ ላይ የተደከመውንም ያጠፋዋል።

ከጥቂት ጉዞዎች በኋላ የኋላው መገጣጠሚያ ብሎኖች አምራቹ በጻፈው ኃይል መጠን እንደገና ይጠበቁ። ጭቃ ሲይዘው በባልዲ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ማሳጠብ ውኃውን ኩሽኔታ ውስጥ ስለሚያስገባው ግራሶው ይወጣል፣ ዝገቱ ይገባል። በክረምት የዋልካ ጭቃ በጎማውና በኋላው ቴላዮ መካከል ሲጠቀጠቅ ማርሽ መቀየሪያውን ሊሰብር ስለሚችል በዚያ ወቅት ኮብልስቶኑና አስፋልቱ ይመረጣሉ።

ልጁ በየሦስት ወሩ ይለካ፣ ይመዘን። 2 ኪሎ ግራም በጨመረ ቁጥር የክብደት ዝቅታው ይታይ፤ እግሩ በረዘመ ቁጥር ኮርቻው ከፍ ይበል። የኮርቻው ዘንግ የመጨረሻ ምልክት ብቅ ሲል ረዘም ያለ ዘንግ ይገባለት፤ ክርኑ ከመጠን በላይ መታጠፍ ሲጀምር 35 የነበረው የመሪ አንገት በ50 ሚሊ ሜትር ይቀየር። ከዚያ በላይ ረዥም አንገት መግጠም የመሪውን ስሜት ያበላሻል፤ በዚያን ጊዜ ብስክሌቱ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለታናሽ እኅቱ፣ ክብደቷ ተመዝኖና የሾኩ አየር ለእርሷ እንደ አዲስ ተስተካክሎ፣ ይተላለፍ።